አመድማው ባንኮኒ

እሁድ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017

ቤታችን ከአያት አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገዳዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። ሳሎኑ ደህና ነው። ኩሽናውም ያስኬዳል። ባኞ ቤቱ ግን እንግዳ «እጄን ልታጠብ» ባለ ቁጥር ያሳቅቀኛል።

ጥፋቱ የላባንዲኖው ባንኮኒ ነው። የቀድሞው ባለቤት ኮንክሪት አስሞልቶ ላዩ ላይ ቡናማ ሴራሚክ አስለጥፎበታል። 20 በ20 የሆነ፣ መሃሉ ላይ ብርቱካናማ አበባ ያለበት። ያኔ ፋሽን ነበር መሰለኝ። አሁን አበባው ደብዝዞ የደረቀ ሽሮ መስሏል። መጋጠሚያው ላይ የገባው ነጭ ሲሚንቶ ደግሞ ጠቁሯል። በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌዋለሁ፣ በበረኪና ዘፍዝፌዋለሁ። ሁለት ቀን ነጣ ይልና ተመልሶ ያው ነው።

ባለፈው ወር ግራናይት የሚቆርጥ ሰው አስመጥቼ ነበር። ለካ፣ ዋጋውን ነገረኝ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሸኘሁት። ዋጋው ብቻም አይደለም። ሴራሚኩ ሲፈነቀል የግድግዳውም አብሮ ይነሳል። የውሃው መስመር የሚያልፈውም በዚያው ነው። አንድ ባንኮኒ ላሳምር ብዬ ባኞ ቤቱን ላፈርስ አልፈልግም።

ስለዚህ ልቀባው ነው።

ለእማዬ ስነግራት «ሴራሚክ ደግሞ ይቀባል እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። ሴራሚክ ላዩ የሚለሰልሰው ምንም ነገር እንዳይጣበቅበት ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እንዲጣበቅበት ነው።

ሁለት ሰው አማከርኩ። አንዱ የግድግዳ ቀለም ቀቢ ነው። «ዘይት ቀለም ደርበሽ ልቀቂው» አለኝ። ሁለተኛው ጎረቤታችን ናቸው፣ ባቲላሜራ። የተገጨ መኪና ያቀናሉ፣ ስቱኮ ይለብዳሉ፣ ይቀባሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። መጥተው ሴራሚኩን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉትና ሳቁ።

«ዘይት ቀለም እዚህ ላይ እንደ እባብ ቆዳ ነው የሚገፈፍልሽ። ሁለት ጣሳ ሆኖ የሚሸጠውን ግዢ፣ ኢፖክሲውን። ደግሞ ልጄ፣ መኪና ስቀባ ቀለሙን የምረጨው ግማሽ ሰዓት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የማጥበውና የምፈገፍገው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይት ቀለም ከላይ በቶሎ የደረቀ ይመስላል እንጂ የሚጠነክረው ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ፣ ቀስ እያለ ነው። ብርሃን በማይገባበት ክፍል ደግሞ ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የእኛ ባኞ ቤት መስኮት አንዲት ክንድ አትሞላም። ኢፖክሲ ግን ከአየሩ ምንም አይጠብቅም። ሁለቱ ጣሳ ሲቀላቀሉ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ ይለወጣሉ።

ለካሁት። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 55 ሳንቲ፣ የፊቱ ጠርዝ 10 ሳንቲ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ካሬ አይሞላም። ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ጭንቀት።

የቀረው ጥያቄ የውሃ ነው። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ። የከተማዋን ውሃ ከሚያጠራቅሙት ዋና ግድቦች አንዱ ለገዳዲ ነው። እኛ በለገዳዲ መንገድ ላይ ቁጭ ብለን ጀሪካን እንቆጥራለን። ለዚህ ሥራ ግን ፈረቃው ጠቀመኝ። ኢፖክሲ ከተቀባ በኋላ ሰባት ቀን ያህል ውሃ ባይነካው ጥሩ ነው። ሌላ ሰፈር ቢሆን ሰባት ቀን ያለ ቧንቧ ማለት ጦርነት ነው። እኛ ቤት የአዘቦት ቀን ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ውሃው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ ሮቶው፣ ከዚያ በርሜሉ፣ ከዚያ ጀሪካኖቹ፣ በመጨረሻ እኔና ባንኮኒው።

መጀመሪያ በፈሳሽ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። የሚወጣው ነገር ያስደነግጣል። ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት፣ ቫዝሊን፣ የጥርስ ሳሙና። በዓይን ንጹሕ የሚመስለው ቦታ ላይ ጨርቁ ተንሸራተተ። የሚያንሸራትት ነገር ካለ ቀለም አይይዝም።

ላባንዲኖው ዙሪያ ያለው ነጭ ቅርፊት በሳሙና እምቢ አለ። አቼቶ በጨርቅ ነክሬ ሩብ ሰዓት አለበስኩት። ተፈርፍሮ ተነሳ።

በዚህ መሃል እማዬ «በረኪናም ጨምሪበት እንጂ» ብላ ጠርሙሱን ይዛ መጣች። በሩ ላይ አስቆምኳት። አቼቶና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። በጠባብ ባኞ ቤት ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም። አንዱን ተጠቅሞ፣ በደንብ አለቅልቆ፣ ሌላውን ሌላ ቀን። እማዬ «እኔ ሠላሳ ዓመት ቤት ሳጸዳ…» ብላ ጀምራ ተወችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዛሬ ሲሊኮኑን አነሳሁ። ላባንዲኖው ከባንኮኒው ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ ሁሉ አሮጌ ሲሊኮን ነው። ጠርዙ ጠቁሯል፣ አንዳንድ ቦታ ተላቋል። ሲሊኮን ላይ ቀለም የሚባል ነገር አይይዝም። ምላጩን ዝቅ አድርጌ እየገፋሁ፣ እንደ ክር እየጎተትኩ አነሳሁት። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ረጅሙ ሲወጣ በተለይ።

የቀረውን በቲነር በነከረ ጨርቅ ዙሪያውን ሁሉ ጠረግኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

መርካቶ። ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ። ሁለት ታክሲና አንድ ረጅም ሰልፍ።

ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። «እህቴ፣ ይሄ ለሆስፒታል ወለል፣ ለፋብሪካ ወለል ነው የሚወሰደው። ለላባንዲኖ ስሸጥ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። ትንሹ መጠን 4 ኪሎ ነው። ለእኔ አንድ ሊትር እንኳን ይበዛል። ሲያሳንስ የሚሸጥ ሁለት ሱቅ ጠይቄ አጣሁ፤ ገዛሁት። ያም ሆኖ ግራናይቱ ከተባለበት ዋጋ ሩቡን አይሞላም።

ትልቁ ጣሳ ላይ 4 ለ1 ይላል፣ በመጠን። አራት እጅ ቀለም፣ አንድ እጅ ሃርድነር፣ ማጠንከሪያው ማለት ነው። «በዓይን ግምት ይበቃል» አለኝ ልጁ። አይበቃም። ሃርድነሩ ካነሰ ቀለሙ ምንጊዜም ይጣበቃል። ከበዛም በቶሎ ይደርቃል ማለት አይደለም፤ የተረፈው ውስጡ ቀርቶ ያልፈሰፍሰዋል።

ስለዚህ ስመለስ መድኃኒት ቤት ገብቼ ትልቁን ሲሪንጅ፣ ባለ 50 ሚሊውን፣ ሁለት ገዛሁ። ፋርማሲስቷ «ለማን ነው የታዘዘው?» አለችኝ። «ለላባንዲኖ» አልኳት። አልሳቀችም።

የቀረው ዕቃ ይኼ ነው፦ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ 220 እና 400፣ ጥቁሩ በውሃ የሚሠራው ዓይነት። ግማሽ ኪሎ የመኪና ስቱኮ ከነማጠንከሪያው፣ ከቀይ ቱቦው ጋር። የስፖንጅ ሮለር፣ ትንሿ። የወረቀት ፕላስተር። ጓንት አንድ ካርቶን። ጓንቱ የቅንጦት አይደለም። የኢፖክሲ ሃርድነር ቆዳ ደጋግሞ ከነካ አለርጂ ያመጣል፣ እሱ ደግሞ አንዴ ከመጣ አይለቅም። የኮቪድ ጊዜ ማስክ ለአቧራ እንጂ ለሽታ አይሠራም፤ ለሽታው መስኮት ነው መድኃኒቱ።

ከለር ላይ ቤት ውስጥ ድምፅ ተሰጥቷል። እማዬ ክሬም አለች። ወንድሜ ጥቁር አለ፤ ጥቁር ላይ የእኛ ሰፈር አቧራ እንዴት እንደሚታይ አላሰበውም። እኔ አመድማ አልኩ። ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ አመድማ አለፈ።

እሁድ፣ ኅዳር 8

እማዬ በሰንበት ሥራ አትወድም። ከቅዳሴ መልስ «ይሄ ሥራ ሳይሆን ጨዋታ ነው» ብያት ገባሁ።

ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ ውሃ፣ ሁለት ሰዓት። ሴራሚክ መፈግፈግ ድምፁ ጥርስ ያሳክካል። የሚፈለገው ጉድጓድ መቆፈር አይደለም። ላዩ ያለው አብረቅራቂ ልባስ ደብዝዞ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ጠመኔ ሸካራ እንዲል ነው። ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ አለ። መብራቱን አጥፍቶ የስልክ ባትሪ ከጎን ማብራት። ከላይ ሲያዩት ያለቀ የሚመስለው ባንኮኒ ከጎን ሲበራበት ያልተነካው ቦታ ሁሉ እንደ ዓሳ ቅርፊት ያብለጨልጫል። አሥራ ሰባት ቦታ ቆጠርኩ። አበባው መሃል ያለው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ከሁሉም የባሰው እሱ ነበር። ወረቀቱን በጣቴ ጫፍ ጠቅልዬ እያንዳንዱን አበባ ለየብቻው ፈገፈግኩ። ብዙ ዓመት ፊቴን ስታጠብ ያየሁትን አበባ በእጄ ሳጠፋው ትንሽ ቅር አለኝ። ትንሽ ብቻ።

ከባንኮኒው ሥር ያለው የእንጨት በር አሮጌ ዘይት ቀለም አለበት። እሱንም አብሬ ልፈግፍግ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። በአገራችን ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚል ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ይህ በር ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። አሮጌ ዘይት ቀለም በደረቁ ፈግፍጎ ብናኙን መተንፈስ፣ ያውም ልጆች በሚገቡበት ቤት፣ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። አንድ ቀን በውሃ እያረጠብኩ እሠራው ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ስቱኮ። መጋጠሚያው ከሴራሚኩ ሁለት ሚሊ ያህል ዝቅ ይላል። ሳይሞላ ቢቀባ አመድማ ቀለም ያለው የሴራሚክ ባንኮኒ ነው የሚሆነው፣ ካሬ ካሬው በሙሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋሼ «የእንቁላል ያህል ስቱኮ፣ የባቄላ ያህል ቀይ» ብለውኛል። እኔ ሰነፍኩና የሦስት እንቁላል ያህል አንዴ አቦካሁ። ሁለተኛው መጋጠሚያ ላይ ሳልደርስ ስፓቱላው ላይ እንዳለ ድንጋይ ሆነ። ሙቀቱ በእጅ ይታወቃል። ጣልኩት። ከዚያ በኋላ በእንቁላል ልክ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስቱኮውን በ120፣ ቀጥሎ በ220 አስተካከልኩት። የቀሩትን ቀዳዳዎች ደግሜ ሞላሁ። ማታ ውሃ ሲመጣ አቧራውን አጠብኩ። እጄን ዓይኔን ጨፍኜ ባንኮኒው ላይ ሳስኬደው መጋጠሚያው የት እንደነበር አይታወቅም። ከሥራው ሁሉ ይሄ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ።

ከትልቁ ጣሳ አራት ጊዜ 40 ሚሊ፣ ከትንሹ አንድ ጊዜ 40። ለየጣሳው የየራሱ ሲሪንጅ። አሮጌ የማርጋሪን ዕቃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አማሰልኩት፣ ጠርዙንና ታቹን እየፋቅኩ። ጣሳው ላይ እንደተጻፈው አሥር ደቂቃ አሳረፍኩት። ላባንዲኖው ዙሪያና ግድግዳው ላይ የወረቀት ፕላስተር፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ።

ቅቡ 25 ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ ጠርዙን በብሩሽ፣ ከዚያ መሃሉን በሮለር። አበባው በአንድ ግፊት ጠፋ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። «ኧረ ሆቴል መሰለ!» አለ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሼ ሳይ ላባንዲኖው ዙሪያ ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተከፍተዋል። የምስር ፍሬ ያህላሉ። ቀለሙ ከመሃላቸው ሸሽቶ ዙሪያቸውን ቆሟል፣ ሴራሚኩ ይታያል። በብሩሽ ደፈንኳቸው። ዓይኔ እያየ እንደገና ተከፈቱ።

ሲሊኮኑ ነው። ሐሙስ ዕለት በቲነር ጠረግኩት ያልኩት። ቲነር የደረቀ ሲሊኮን አያሟሟም። እኔ ያደረግኩት በምላጭ ያልተነሳውን ስስ ቅሪት ይዤ በጨርቅ ዙሪያውን ማዳረስ ነው። ጋሼን በስልክ ጠየቅኳቸው። «ባለመኪናው በሲሊኮን ፖሊሽ ሲያብረቀርቀው ከርሞ እኔ ጋ ሲያመጣው እንደዚሁ ነው የሚያደርገኝ። አሁን አትንኪው፣ ሲደርቅ ታነሺዋለሽ።»

መስኮቱን ለሽታው ብዬ ከፍቼ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በብርዱ ነቃሁ። ስልኬ 8 ዲግሪ ይላል። ባኞ ቤት ገብቼ ጠርዙን በጓንት ነካ አደረግኩት። ይይዛል። ሻጩ «በ6 ሰዓት ይደርቃል» ያለኝ ለ25 ዲግሪ እንደሆነ አሁን ነው ጣሳው ላይ ያነበብኩት። ታች ደግሞ በትንሹ ተጽፏል፦ ከ10 ዲግሪ በታች አትጠቀሙ። ኢፖክሲ ሲበርደው አይደርቅም፣ ይተኛል። ኅዳር ሌሊት ላይ፣ ያውም እዚህ ዳር፣ እኔ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የቀባሁት።

ይሄም ባልከፋ። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው።

ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው፤ ያኔ ዓለምን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባም ገብቶ ነበር። በየዓመቱ በዚህ ቀን ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ ደጁ ላይ ያቃጥላል። አሁን አሁን ጭሱ ለጤና አይበጅም እየተባለ «አታጭሱ» ይባላል። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የበቆሎ አገዳ፣ ካርቶንና ደረቅ ቅጠል ከምረው ለኮሱት። የት? ከባኞ ቤታችን መስኮት ሥር።

እኔ ደጅ ወጥቼ «ልጆች፣ እባካችሁ!» እስክል ጊዜው አልፏል። ተመልሼ ስገባ አመዱ በመስኮቱ እየገባ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጥቁሩም፣ ነጩም፣ አንዱ ደግሞ ቅጠል ሆኖ የተቃጠለ፣ ሥሩ ሁሉ የሚታይ። ባንኮኒው ላይ አርፎ ተጣበቀ። በእጅ ማንሳት አይቻልም፣ መንፋት አይቻልም። ቆሜ ከማየት በቀር ምንም የለም።

ወንድሜ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንዳደረገ መጣ። አየው። «አመድማ ነው ያልሽው አይደል? ይኸው፣ አመዱ ራሱ መጣልሽ።»

እማዬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች። ቀጥላ አዘነችልኝ መሰለኝ «ከሰል ላቀጣጥልና ላስገባልሽ፣ ይሞቅለት» አለች። ቀለም የሚሸት ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል! እሳቱም አለ፣ የከሰሉ ጋዝም አለ። እምቢ አልኳት። በሩን ዘግቼ ሥራ ሄድኩ። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳ ስጠርግ ጠመኔው ሲበን አይቼ ተናደድኩ።

አርብ፣ ኅዳር 13

ማታ ላይ ጠነከረ። ግን ላዩ ቅባት የተቀባ ይመስላል፣ ጣት ሲነካው ደብዘዝ ይላል። ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ጎራ ብለው አዩት። «አልቦታል» አሉ። «ኢፖክሲ ሲበርደው ያልበዋል። ላቡን ሳታጥቢ ብትደርቢበት ላይኛው ከታችኛው ጋር አይጋባም።»

አባባላቸው ትክክል ነው። በብርድና በእርጥበት ጊዜ ሃርድነሩ ከቀለሙ ጋር ከመጋባት ይልቅ ከአየሩ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይያያዝና ስስ ሰም የመሰለ ነገር ላይ ይወጣል። ደግነቱ በለብታ ውሃና በሳሙና ይለቃል። መጀመሪያ ማጠብ ነው፣ ከዚያ መፈግፈግ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብርጭቆ ወረቀቱ ላቡን መልሶ ያሸዋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በ220 መፈግፈግ። አመዱ እንደፈራሁት አልሆነም። አብዛኛው ከላይ የተቀመጠ ነው፣ በሁለተኛው ዙር ተነሳ። ያቺ ቅጠል ብቻ ቅርጿ ቀረ። ሥሯ ሁሉ ቀለሙ ውስጥ ታትሟል። ወደ ውስጥ መቆፈር ስላልፈለግኩ ተውኳት።

ጉድጓዶቹን ግን አልማርኳቸውም። ዙሪያውን እስከ ሴራሚኩ ድረስ አወረድኩት፣ በየደቂቃው ወረቀት እየቀየርኩ። ሲሊኮን የሚነሳው ተፍቆ ነው። ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ አዲስ ጨርቅ። ውሃ ጠብ አደረግኩበትና አየሁት። ተዘርግቶ ከቆየ ንጹሕ ነው። እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ ሲሊኮን አለ። አንድ ቦታ ተሰበሰበ። እንደገና።

ከመቀጠሌ በፊት የታችኛው ቀለም በእርግጥ መያዙን ማወቅ ፈለግኩ። ከጎን በማይታየው በኩል በምላጭ ትንሽ ትንሽ ካሬ አድርጌ ቆራረጥኩት፣ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፌ በአንዴ ሳብኩት። ፕላስተሩ ባዶውን መጣ። ትንፋሼ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ጣሳዎቹን በረንዳ ላይ ፀሐይ አስሞቅኳቸው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቀባሁ። ከፊቱ ሰባት ሰዓት ሙቀት አለው። መስኮቱ ላይ የእማዬን አሮጌ ነጠላ ወጥሬ በፕላስተር ያዝኩት። አየር ያሳልፋል፣ አቧራ ያስቀራል። ቀለሙ ሞቅ ስላለው እንደ ማር ራሱን በራሱ አስተካከለ። ላባንዲኖው ዙሪያ ላይ አንዲት ጉድጓድ ብቻ ተከፈተች፣ ከሳሙና ማስቀመጫው በስተጀርባ። እዚያው ትኑር።

የቧንቧውን ቫልቭ ከሥር ዘጋሁት። ፈረቃ ባለበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ያውቃል። ቀን ውሃ ይኖር እንደሆነ ብሎ አንዱ ይከፍታል፣ የለም፣ ሳይዘጋ ይሄዳል፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቤቱ ኩሬ ይሆናል። በሩም ላይ «እንዳትገቡ፣ እንዳትነኩ፣ ወንድሜ በተለይ» ብዬ ለጠፍኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 15

የመጨረሻው ዙር። ጾመ ነቢያት ዛሬ ገባ። ከትናንቱ 24 ሰዓት ስላልሞላው መፈግፈግ አላስፈለገውም፤ ጠረግ አድርጌ ደረብኩበት። ቢቆይ ኖሮ እንደገና ወረቀት መያዝ ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሁላችንም ግቢ ውስጥ በሳፋና በጆግ እየታጠብን ነው። ጠዋት ጠዋት ገብቼ በማይታየው ጠርዝ ላይ ጥፍሬን እጫናለሁ። ሰኞ ምልክት ጣለ። ማክሰኞ ትንሽ። ዛሬ የለም።

ዛሬ ግን ወንድሜ ማስታወቂያዬን አልፎ ገብቷል። የፀጉር ቅባቱን ቆርቆሮ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ ተበጥሮ፣ ወጥቷል። የቆርቆሮው ታች ክብ ምልክት ጥሏል። በብርሃን ብቻ ነው የሚታየው። ስጠይቀው «እኔ አይደለሁም» አለ። ሌላ ፀጉሩን የሚቀባ ወንድ ቤት ውስጥ የለም።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ፕላስተሩ ተነሳ፣ ላባንዲኖው ዙሪያ አዲስ ሲሊኮን ገባ። ሲሊኮኑን በሳሙና ውሃ በነከርኩት ጣቴ አንዴ ሳብኩት፤ ሁለቴ ሲሄዱበት ይበላሻል። አንድ ቀን ይቆያል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ውሃው ዛሬ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው የመጣው። ቫልቩን ከፈትኩ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሑን። ባንኮኒው ላይ የተረጨው ጠብታ ድቡልቡል ሆኖ ቆመ። በጨርቅ ጠረግኩት፣ ምንም አልቀረም። እማዬ እጇን ታጥባ መዳፏን ባንኮኒው ላይ አስኬደችው። «ክሬም ቢሆን ደግሞ…» አለችና ወጣች።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 20

ፕላስተሩ ከተነሳ ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶታል። አልተላጠም፣ አልተፈነቀለም። ከሳሙና ማስቀመጫው ጀርባ ያለችው ጉድጓድ አልሰፋችም። የቅጠሏን ሥር እንግዶች «በዲዛይን ነው?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ።

የሚጸዳው በለስላሳ ጨርቅና በፈሳሽ ሳሙና ብቻ ነው፤ ሽቦውን ደብቄዋለሁ። የተረፈው ቀለም ከግማሽ ጣሳ በላይ ነው። ሁለቱን ጣሳ ክዳናቸውን ሳላቀያይር ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፣ ጋሼ ለአንድ ሚኒባስ ወለል ወሰዱት።

አንድ ነገር ብቻ አስፈራኝ። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ መጥታ የፀጉር መተኮሻዋን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ባንኮኒው ላይ አጋድማው አገኘኋት። ኢፖክሲ ብርድ እንደማይወድ ሁሉ የጋለ ብረትም አይወድም፤ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ቶሎ አነሳሁት። የጣት ውፍረት የምታህል ቢጫ መስመር ቀርታለች። መተኮሻው አሁን ሳሎን ነው የሚሰካው።